የማንም ያልሆነ መሬት፦ የኖርዝ ካሮላይናው የምርምር ሦስት ማዕዘን ታሪክ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኖርዝ ካሮላይና በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአሜሪካ ግዛቶች ጭራ ላይ ከሚገኙት አንዷ ነበረች። ሕዝቧ ከሥራ ስለ ሸሸ አልነበረም። ገበሬው ትምባሆ ያለማል፤ ሴቱም ወንዱም በጥጥ ፋብሪካ ሲፈትልና ሲሸምን ይውላል፤ ወደ ምዕራብ ኮረብታዎቹ ሥር ደግሞ አልጋና ወንበር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተደርድረዋል። እነዚህ ሦስት ሥራዎች ብዙ እጅ ይፈልጋሉ፤ ለዚያ እጅ የሚከፍሉት ግን ትንሽ ነበር። በዚያው ዘመን፣ በመኪና ከግማሽ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ርቀት ውስጥ፣ ሦስት የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። በቻፕል ሂል ከ1795 ጀምሮ ተማሪ የሚቀበለው የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ፣ በራሊ ለእርሻና ለምህንድስና በ1887 የተቋቋመው ኖርዝ ካሮላይና ስቴት፣ በደርሃም ደግሞ በትምባሆ ሀብት ያደገው ዱክ። ከእነዚህ የሚመረቁት ኬሚስቶችና መሐንዲሶች ግን በአገራቸው የሚቀጥራቸው አጥተው ወደ ሰሜን ይሄዱ ነበር። ዕውቀትና ድህነት በአንድ ቀበሌ ጎን ለጎን መኖር እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ዛሬ በእነዚያ ሦስት ከተሞች መካከል 7,000 ኤከር ገደማ፣ ማለትም ወደ 2,800 ሄክታር፣ የሚሸፍን የምርምር መንደር አለ። ሪሰርች ትራያንግል ፓርክ ይባላል። በመቶ የሚቆጠሩ ኩባንያዎችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይገኙበታል። ይህን የሚያይ ሰው ምስጢሩን በሕንፃዎቹ፣ በግብር ቅናሹ ወይም በአንድ ብልህ መሪ ውስጥ መፈለጉ የተለመደ ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። አንድን አካባቢ በፈጠራ ወደሚያድግ ኢኮኖሚ የሚያሻግር ሽርክና የሚጸናው፣ ከሸሪኮቹ የአንዳቸውም ያልሆነ፣ የራሱ ሠራተኛና የራሱ ገንዘብ ያለው፣ ዓመታትን ለመታገሥ አቅም የተሰጠው የጋራ ተቋም ሲኖረው ነው። የሚገኘው ፍሬ ማን ዘንድ እንደሚደርስ የሚወስነው ደግሞ በምሥረታው ቀን ማን ስብሰባው ውስጥ እንደ ነበረና ማን እንዳልተጠራ ነው። ታሪኩን በቅደም ተከተል ማየት ሁለቱንም ያሳያል።

ሐሳቡ ከሁለት ምንጮች ፈለቀ። የቻፕል ሂሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሃዋርድ ኦደም፣ ደቡቡ የራሱን ችግር በራሱ ምሁራን እንዲያጠና ሲወተውቱ የኖሩ ሰው ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያም ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የምርምር ተቋም እንዲያቆሙ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለተኛው ምንጭ ሮሜዮ ጌስት የተባሉ የግሪንስቦሮ የሥራ ተቋራጭ ናቸው። ጌስት ፋብሪካ ገንቢ ስለ ነበሩ፣ አዲስ ኢንዱስትሪ ወደ ግዛቲቱ ካልመጣ አዲስ የግንባታ ሥራ እንደማይኖር በሚገባ ያውቁታል። በቦስተን ዙሪያ በዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ የበቀሉትን የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ተመልክተው በ1954 ገደማ ሦስቱን ከተሞች በካርታ ላይ በመስመር አገናኙና “የምርምር ሦስት ማዕዘን” የሚለውን ስም አወጡለት። አንዱ የሕዝብ ጥቅም፣ ሌላው የራሱን ንግድ እያሰበ የተነሣ መሆኑ ሊያሳፍር አይገባም። ሽርክና የሚባለው ነገር የሚጀመረው የተለያየ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች አንዱን ጉዳይ ሲፈልጉት ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ፣ የጋራው ነገር የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

በኅዳር 1954 አገረ ገዥው ሲሞቱ ምክትላቸው ሉተር ሆጅስ ቦታውን ያዙ። ሆጅስ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስተዳደር ያሳለፉ ስለሆኑ ያ ኢንዱስትሪ ምን ያህል ደመወዝ መክፈል እንደሚችል ማንም አይነግራቸውም። የዋኮቪያ ባንክ ፕሬዚዳንት ሮበርት ሄንስና ሌሎች ነጋዴዎች ሐሳቡን ይዘው ሲቀርቧቸው ተቀበሉት፤ በ1955 የልማት ምክር ቤት፣ በ1956 ደግሞ በሕግ የተመዘገበ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ወዲያው አልተማረኩም። ሥራችን ማስተማርና ዕውቀት መፈለግ ነው፤ የፋብሪካ ቅጥር ቤተ ሙከራ ልንሆን ነው ወይ የሚል ሥጋት ነበራቸው። ይህ ሥጋት እንደ ዳተኝነት ሊቆጠር አይገባውም፤ ውሎ አድሮ ሽርክናውን ያዳነው እርሱ ይመስለኛል። ስምምነቱ የተደረሰው ድርሻ በግልጽ ሲከፋፈል ነው፤ ኩባንያዎች የራሳቸውን ምርምር በራሳቸው ቤት ይሠራሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በቅርበት በመኖር ተመራማሪና ምክር ያበረክታሉ፣ በመካከል የሚቆመውን ሥራ ደግሞ ኮሚቴው ይሠራል። ለዚህም የቻፕል ሂሉ ምሁር ጆርጅ ሲምፕሰን በ1956 ዳይሬክተር ሆነው ተቀጠሩ። ሲምፕሰን የሦስቱን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የምርምር መስክ መዝግበው አጠናቀሩ፤ ከዚያም ፕሮፌሰሮቹን ራሳቸውን በየኩባንያው ላኳቸው። አንድ ኬሚስት ለኬሚካል ኩባንያ የምርምር ኃላፊ ስለ አካባቢው ሲናገር፣ ከማንኛውም የመንግሥት ወኪል ይልቅ ይታመናል።

ነገር ግን ኩባንያ ቢመጣ የሚያርፍበት መሬት አልነበረም። የመጀመሪያው መፍትሔ የተፈለገው ከገበያ ነው። በ1957 ካርል ሮቢንስ የተባሉ፣ ቀድሞ በግዛቲቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የነበሯቸው የኒው ዮርክ ባለሀብት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ለማዋል ተስማሙ፤ ፓይንላንድስ የተባለ የትርፍ ኩባንያም ተመሠረተ። ኩባንያው አፈሩ በትምባሆና በጥጥ የተሟጠጠ፣ ጥድ የወረሰውን ርካሽ መሬት መግዛት ጀመረ። ውሎ ሳያድር ሁሉም ነገር ቆመ። የቀረውን ገንዘብ ለመሙላት ለግዛቲቱ ባለሀብቶች አክሲዮን ቢቀርብ ገዢ ጠፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትርፍ የሚፈልግ ሰው አንድም ተከራይ የሌለውን ጫካ አይገዛም፤ አገሩን መርዳት የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው የመሬት ንግድ እንዲያተርፍ ገንዘቡን አያወጣም። ዩኒቨርሲቲዎቹም ስማቸው ለአንድ የግል የመሬት ኩባንያ ማስታወቂያ መዋሉ አላስደሰታቸውም። ለአንድ ዓመት ያህል ሐሳቡ በሕይወትና በሞት መካከል ነበር።

የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ፓርኩ ሲወራ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚታለፍ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በ1958 ሆጅስና ሄንስ የዋኮቪያውን የባንክ ሰው አርቺ ዴቪስን አክሲዮኑን እንዲሸጡላቸው ለመኗቸው። ዴቪስ ጉዳዩን አጥንተው የሰጡት መልስ ከባንክ ሰው የማይጠበቅ ነበር። ዓላማው የግዛቲቱ ሕዝብ ጥቅም ከሆነ የሚሸጥ አክሲዮን አያስፈልግም፣ ስጦታ ነው የሚያስፈልገው፤ ሰዎችም ከመግዛት ይልቅ መስጠት ይቀላቸዋል አሉ። ከዚያም በግዛቲቱ እየዞሩ ከባንኮች፣ ከፋብሪካዎችና ከግለሰቦች ገንዘብ አሰባሰቡ። በጥር 1959 አገረ ገዥው ውጤቱን ይፋ ሲያደርጉ ከ800 በላይ ሰጪዎች 1.425 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ነበር፤ ከተያዘው ግብ በላይ ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ የሮቢንስ ድርሻ ተገዛ፤ መሬቱን የሚያስተዳድር ለትርፍ ያልተቋቋመ ፋውንዴሽን ቆመ፤ ከፋውንዴሽኑ ጎን ለጎን ደግሞ በውል የሚሠራ ራሱን የቻለ የምርምር ተቋም፣ ዛሬ አር ቲ አይ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው፣ ሥራ ጀመረ። የተቋሙ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኸርበርት ከስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጡ ሰው ነበሩ።

ይህ ለውጥ ከወረቀት በላይ ትርጉም ነበረው። ፋውንዴሽኑ መሬት ሲሸጥ የሚተርፈው ገንዘብ ለባለ አክሲዮን መሄዱ ቀርቶ ለሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቅም እንዲውል ተደነገገ። ስለዚህ ዱክ ቢያገኝ ቻፕል ሂል አይቀናም፤ ከአንዱ የሚመጣ ስኬት የሦስቱም ነው። በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ፣ በመምህራንና በተማሪ ሲናጠቁ የኖሩ ተቋማት ሳይዋደዱም ሊተባበሩበት የሚችሉበት ቦታ አገኙ። ከዚህም በላይ የትርፍ ኩባንያ ቢሆን በየዓመቱ ባለ አክሲዮኖቹ ፊት ቀርቦ መልስ መስጠት ነበረበት፤ ፋውንዴሽን ግን ዓላማው እስኪደርስ መጠበቅ ይችላል። “መሬቱ ጥሩ ቦታ ላይ ስለ ነበረ ገበያው ውሎ አድሮ ያደርገው ነበር” የሚል ሰው መከራከሪያ ይኖረዋል። መልሱ ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። በዚያው መሬት፣ በዚያው ዓመት፣ በእነዚያው ሰዎች መካከል ገበያው ተሞክሮ ነበር፤ ገዢም አላገኘም። በታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ ንጽጽር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የመጠበቅ አቅሙ ወዲያው ተፈተነ። በ1959 ኬምስትራንድ የተባለው የሰው ሠራሽ ክር ኩባንያ የምርምር ማዕከሉን ከአላባማ ወደ ፓርኩ እንደሚያዛውር አስታወቀ፤ ደስታው ታላቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለአምስት ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ኩባንያ አልመጣም። ፋውንዴሽኑ ገንዘብ አጠረው፤ ጋዜጦችም የጥዱን ጫካ እያዩ መጠየቅ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ መኖሩን የቀጠለው የምርምር ተቋሙ ነው፤ በራሱ ውል እየሠራ፣ ተመራማሪ እየቀጠረ፣ ቦታው ባዶ እንዳልሆነ በተግባር አሳየ። በ1965 በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ትልልቅ ዜናዎች ተሰሙ። በጥር የፌዴራል መንግሥት የአካባቢ ጤና ምርምር ማዕከሉን፣ በሚያዝያ ደግሞ አይ ቢ ኤም 400 ኤከር ላይ የሚያርፍ ትልቅ ተቋሙን በዚያ ለማቆም መወሰናቸውን አስታወቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ፓርኩ ይሳካል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሉተር ሆጅስ ከ1961 ጀምሮ የኬኔዲ የንግድ ሚኒስትር ነበሩ፤ በአገረ ገዥነት የተኳቸው ቴሪ ሳንፎርድም በ1960ው ምርጫ ብዙ የደቡብ ፖለቲከኞች ሲያመነቱ ኬኔዲን የደገፉ ሰው ናቸው። የፌዴራሉ ማዕከል የመጣው በፖለቲካ ውለታ እንጂ በሽርክና ብልሃት አይደለም፣ ሌላው አካባቢ ይህን ሊደግመው አይችልም ይባላል። ውለታው መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ውለታ የሚከፈልበት ቦታ መኖር አለበት። ለፌዴራሉ ማዕከል የተሰጠው ወደ 500 ኤከር የሚጠጋ መሬት ፋውንዴሽኑ በነፃ ያበረከተው ነው፤ የትርፍ ኩባንያ ይህን አያደርገውም። አይ ቢ ኤምም ቢሆን ለዓመታት ሲጎበኝና ሲጠየቅ የቆየ ኩባንያ ነበር፤ ያንን ጥየቃ ሳይታክት የሚያካሂድ ሠራተኛና ቢሮ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ገና ድሮ ይረሳ ነበር። ዕድል መጣ፤ ሲመጣ ግን የሚቀበለው ቤት ተሠርቶ ጠበቀው።

ከዚህ በላይ የሚከብደኝ ሌላው ነገር ነው። በደርሃም ከተማ ከ1910 ጀምሮ የቆመ፣ ዛሬ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ የሚባል የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዱክ ግቢ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ግን አልተቆጠረም። ሆጅስ ራሳቸው፣ በዚያው የፓርኩ ኮሚቴ በተመሠረተበት በ1956፣ በትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭን መለየት የከለከለውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ለማዘግየት የታለመውን የፒርሳል ዕቅድ አስጸድቀዋል። በየካቲት 1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች በጌስት ከተማ በግሪንስቦሮ በነጮች ብቻ የምሳ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አንነሣም ሲሉ፣ ፓርኩ ገና የመጀመሪያ ሕንፃዎቹን እያስገነባ ነበር። ከዚያም የደርሃም ጥቁሮች የንግድ ሰፈር ሄይታይ በከተማ እድሳት ስም ፈረሰ፤ ከ4,000 በላይ ቤተሰቦችና 500 ያህል ንግድ ቤቶች ተነሡ፤ በመካከሉም መሀል ከተማውን ከፓርኩ ጋር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ተዘረጋ። መንገዱ ለማን ተሠራ ቢባል፣ ወደ ፓርኩ ለሚሄዱት ተመራማሪዎች ነበር፤ የሄይታይ ልጆች ከእነርሱ መካከል ብዙ አልነበሩም።

“ዘመኑ እንዲያ ነበር” የሚለው መልስ አያረካኝም፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ስለ ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፣ ስለ አሠራርም ነው። የሽርክናው ደንብ ትርፉን ለሦስት ተቋማት መድቧል፤ አራተኛው ስሙ በደንቡ ውስጥ ስላልተጻፈ፣ ፓርኩ ሲያድግ የእርሱ ድርሻ አብሮ የሚያድግበት መንገድ አልነበረም። ክፋት ያላሰበ ሰው እንኳ በሥልጣን ቢቀመጥ፣ ያ ደንብ ሳይነካ ለሠላሳ ዓመት ይሠራ ነበር። የጋራ ተቋም ጽናቱ ጉልበቱ ነው ብያለሁ፤ የመገለል ጉዳት የሚጸናውም በዚያው ጽናት ነው።

በ1970ዎቹ ፓርኩ የተጠበቀውን ሰጠ። የእንግሊዙ የመድኃኒት ኩባንያ ባሮስ ዌልካም ከኒው ዮርክ አጠገብ ወደ ፓርኩ ተዛወረ፤ የ1988ን የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት መካከል ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂችንግስ የዚያ ቤት ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1987 የተፈቀደው የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ኤ ዜድ ቲም ከዚያው ኩባንያ ወጣ። በአይ ቢ ኤም ቤት ደግሞ ጆርጅ ሎረር ዛሬ በየሱቁ ዕቃ ላይ የምናየውን የባር ኮድ ምልክት ነደፉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሚስበው ብዙም የማይወራው የ1975 ውሳኔ ነው። አርቺ ዴቪስ በድጋሚ ተነሡና ዩኒቨርሲቲዎቹ በፓርኩ መሀል ለጋራ ሥራቸው የሚሆን 120 ኤከር እንዲኖራቸው አሳመኑ። በዚያ መሬት ላይ በ1978 የሰብአዊ ትምህርቶች ብሔራዊ ማዕከል ተከፈተ፤ ታሪክና ፍልስፍና በኬሚካልና በኮምፒውተር መካከል ቤት አገኙ። የመሬት ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ያንን ያህል ቦታ ለገንዘብ በማይሸጥ ነገር መያዝ የሚችለው ትርፍ የማይሻ ባለቤት ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ከውጭ ኩባንያ መጋበዝ ነበር። በ1980ዎቹ አገረ ገዥው ጂም ሀንት ጥያቄውን ቀየሩት፤ ግዛቲቱ ራሷ አዲስ መስክ መፍጠር ትችላለች ወይ? በ1980 የማይክሮ ኤሌክትሮኒክስ ማዕከል፣ በ1981 የባዮቴክኖሎጂ ማዕከል ተቋቋሙ። ያኔ የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ የሚባለው በአገሪቱም ገና ጅምር ነበር። ማዕከሉ በ1984 ከመንግሥት ቢሮነት ወጥቶ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ድርጅት ሆነ፤ በጀቱ ግን ከምክር ቤቱ መምጣቱን ቀጠለ። ይህ ቅርጽ ከ1959ኙ ፋውንዴሽን ጋር ያለው ዝምድና በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። አገረ ገዥ ሲቀየር ማዕከሉ አይፈርስም፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህር የምርምር ገንዘብ ይሰጣል፣ ለጀማሪ ኩባንያ ያበድራል፣ ከማኅበረሰብ ኮሌጆች ጋር ሥርዓተ ትምህርት ይቀርጻል፤ ተቀናቃኝ ኩባንያዎችም ሠራተኛ በሚያሠለጥነው በዚያ ቤት አብረው ይቀመጣሉ።

ብዙ ከተሞች በዚህ ጊዜ ኖርዝ ካሮላይናን ለመምሰል ሞከሩ። መሬት አጠሩ፣ መንገድ ሠሩ፣ በሩ ላይ “የምርምር ፓርክ” ብለው ጻፉ፤ ብዙዎቹም ተራ የቢሮ ሰፈር ሆነው ቀሩ። የሚታየውን ሕንፃ ቀዱት፤ የማይታየውን የተቋም አወቃቀር ግን ተዉት። በሌላ በኩል አንዳንድ ተቺዎች ኩባንያዎቹን የሳበው ርካሽ ጉልበትና የሠራተኛ ማኅበር ደካማነት ነው ይላሉ፤ ግዛቲቱ ከ1947 ጀምሮ ማኅበራትን የሚያዳክም ሕግ ነበራት። ይህ ለፋብሪካ ይሠራል። ነገር ግን ርካሽ ጉልበትና ያው ሕግ በአብዛኛው ደቡብ ነበር፤ የዶክትሬት ተመራማሪ የሚቀጥሩ ቤተ ሙከራዎች ግን በመላው ደቡብ አልበቀሉም። ልዩነቱን ርካሽነት ሊያስረዳ አይችልም።

ርካሽነቱ በራሱ ደግሞ አላዋጣም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች ወደ ሜክሲኮና ወደ እስያ መፍለስ ጀመሩ። በሐምሌ 30 ቀን 2003 በካናፖሊስ ከተማ የነበረው የፒሎቴክስ ፎጣና አንሶላ ፋብሪካ በሩን ሲዘጋ በግዛቲቱ ብቻ 4,800 ያህል ሰው በአንድ ቀን ሥራ አጣ። ከፓርኩ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ የገጠሩ ተቃውሞ ተገቢ ነበር፤ ከ100 አውራጃዎች ሁለት ሦስቱ ሲበለጽጉ የቀሩት ምን አገኙ? የዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ የመጣው ከትምባሆ ነው። በ1998 የሲጋራ ኩባንያዎች ለግዛቶች ካሳ ለመክፈል ሲስማሙ፣ የኖርዝ ካሮላይና ምክር ቤት ከድርሻው ግማሹ በ1999 በተቋቋመው ጎልደን ሊፍ ፋውንዴሽን እጅ እንዲገባ አደረገ፤ ተግባሩም በትምባሆ ይኖሩ የነበሩ አውራጃዎችን መርዳት ሆነ። ከዚህ ገንዘብ ላይ ባዮሎጂያዊ መድኃኒት ማምረትን የሚያስተምሩ ማዕከሎች ተሠሩ፤ አንዱ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት፣ ሌላው በዚያ በተገለለው በኖርዝ ካሮላይና ሴንትራል። የማኅበረሰብ ኮሌጆችም ይህንኑ ሥልጠና በየአካባቢያቸው መስጠት ጀመሩ። ወደ ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ አራተኛው ዩኒቨርሲቲ ወንበር አገኘ። ወንበሩን ያገኘው በጥሩ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ለእርሱና ለገጠሩ ተብሎ በደንብ የተጻፈ የራሱ ገንዘብ ስለ መጣ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት ይህንን አወቃቀር በአገር ደረጃ ለማስፋት የሞከረው በቅርቡ ነው። በመስከረም 2022 የኢኮኖሚ ልማት አስተዳደሩ 1 ቢሊዮን ዶላር ለ21 የአካባቢ ጥምረቶች አከፋፈለ፤ ያመለከቱት 529 ነበሩ። ከመጨረሻው ውድድር በፊት 60 ተመራጮች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ለዕቅድ ዝግጅት ተሰጥቷቸው ነበር። ይህንን እንደ ትልቅ ማስተዋል አየዋለሁ። ሲምፕሰን በ1956 የተቀጠሩበት ሥራ፣ ማለትም ተቋማትን እየዞሩ ማገናኘት፣ ደመወዝ ካልተከፈለው የሚሠራው እንደሌለ የተረዳ ሰው ያወጣው ደንብ ነውና። ኖርዝ ካሮላይና 25 ሚሊዮን ዶላር አገኘች፤ ገንዘቡን የተረከበውም የባዮቴክኖሎጂ ማዕከሉ ነው። በጥምረቱ ውስጥ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎችና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ለማስተማር የተመሠረተው የፔምብሮክ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስማቸው አለ። ውድድር ደካማውን ይጥላል የሚለው ወቀሳ ግን እውነትነት አለው። 529 አመልክተው 21 ሲያልፉ፣ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ቀድሞ ቤት የሠራው ነው፤ የባዮቴክኖሎጂ ማዕከሉ አርባ ዓመት ልምድ ይዞ ነው የቀረበው። የዕቅድ ገንዘቡ ከስልሳዎቹ አልፎ ለብዙዎቹ ቢደርስ ኖሮ ወቀሳው በቀለለ ነበር።

በጥር 2024 ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን “የአካባቢ ፈጠራ ሞተሮች” ብሎ ለሰየማቸው አሥር ጥምረቶች የመጀመሪያ ገንዘብ ሰጠ፤ ለእያንዳንዳቸው ለሁለት ዓመት 15 ሚሊዮን፣ ውጤት ካሳዩ ደግሞ በአሥር ዓመት እስከ 160 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል። ከአሥሩ አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ጥምረት ነው፤ ማዕከሉም ከሦስት ማዕዘኑ ርቃ በምዕራብ ኮረብታዎች ሥር በምትገኘው በሞርጋንተን ከተማ ነው። የሚመራው ዩኒቨርሲቲም ባንክም አይደለም። ኢንዱስትሪያል ኮመንስ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ መነሻውም ሠራተኞቹ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከጓቲማላ የመጡ የማያ ስደተኞች፣ በጋራ የሚያስተዳድሩት የስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት የጨርቃ ጨርቅ ምሁራን በዚህ ጥምረት ውስጥ ተባባሪ እንጂ አለቃ አይደሉም። በ1955 አገረ ገዥው ዘንድ የቀረቡት ባንክ ያላቸውና ፋብሪካ ያላቸው ነበሩ፤ ማሽኑ ላይ የሚሠራ ሰው በስብሰባው አልነበረም። ሞርጋንተን ላይ ግን ገንዘቡን የሚፈርመው የእርሱ ወገን ነው። ለማየት የሚገባው የጨርቁ ቴክኖሎጂ ምን ያህል እንደሚራቀቅ ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ ዓመት በኋላ መንግሥት ገንዘቡን ቢያዘገይ፣ ያ ድርጅት ፋውንዴሽኑ ከ1960 እስከ 1965 እንዳደረገው የሚቆይበት የራሱ ስንቅ ይኖረው እንደሆነ ነው። ስንቁን ማዘጋጀት ደግሞ የዋሽንግተን ብቻ ሥራ አይደለም። በ1958 ከ800 በላይ ሰጪዎች የተገኙባት ግዛት ዛሬ ከያኔው ብዙ እጥፍ ሀብታም ናት፤ ለሞርጋንተን የሚዞር አርቺ ዴቪስ ግን እስካሁን አልተነሣም።